በእጃችሁ ነበርኩ

«ልትሄድብን ነው፣ እትዬ ፉሳኮ! አለቀ፤ ልትሄድ ነው!»

ወይዘሮ ኮማኪ ጫማዋ ላይ ያለውን በረዶ እንኳ ሳታራግፍ ነው ላውንደሪያችን ውስጥ ዘው ያለችው። የኢሶሃማ መለስተኛ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ የከተማችን ወሬ መጀመሪያ እሷ ጋ፣ ቀጥሎ እኔ ጋ ነው የሚደርሰው። በአንድ እጇ ግማሹ የተበላ የደረቀ ማንጎ፣ በሌላው ትንሽ ካርድ ይዛለች።

«ማናት የምትሄደው?»

«ቲቸር ሊጋያ ናታ! ያንቺው ተከራይ! ዛሬ ጠዋት ስንገባ እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ ማንጎ አስቀምጣ ጠበቀችን። ከማንጎው ሥር ደግሞ ይኼ አለ።»

ካርዱን ተቀብዬ አነበብኩት። እንደ ልጅ ጽሑፍ ክብ ክብ ባለ ፊደል «በእጃችሁ ነበርኩ። ሊጋያ» ይላል።

ድንግጥ አልኩ። እኛ ዘንድ በሰው ደግነት የሚኖር ሰው «በእጃችሁ ነኝ» ነው የሚለው። አዲስ ሠራተኛ ይላታል፤ ሙሽራ ለአማቷ ትላታለች፤ ያመሰገነ ሁሉ ይላታል። «በእጃችሁ ነበርኩ» ግን ሻንጣውን ያሰረ ሰው ቃል ነው። አምና ሽማግሌው የትምህርት ቤት ዘበኛ ጡረታ ሲወጣ በየጠረጴዛው ብስኩት አስቀምጦ፣ ይቺኑ ቃል ብሎ እጅ ሲነሳ፣ ፊቱ የማይፈታው ምክትል ርዕሰ መምህር ሳይቀር መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ታይቷል። ነበር ባይሰበር ይባል የለ? ይሄው አንዱ ተሰበረ።

«ጠየቃችኋት ግን?»

ወይዘሮ ኮማኪ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ምን ብለን? ሰው ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል እንጂ! ምክትሉ ‹ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ እንዳትሳቀቅ› ብሏል። ልጆቹ የመሸኛ ዘፈን መለማመድ ጀምረዋል፤ በድብቅ።»

«በድብቅ ከሆነ ለኔ ለምን ነገርሽኝ?»

«አንቺ ሰው ነሽ እንዴ? ጎረቤት ነሽ እንጂ!»

ከእንፋሎቱ ጀርባ ባለቤቴ ጌንዞ ካውያውን ሳያቆም፣ «ኪሱን ፈትሸሽዋል?» አለኝ። እጄ ላይ ስላለው ካፖርት ነው። ጌንዞ ቃል ይቆጥባል፤ የሚናገረው ግማሹ ይህቺው ጥያቄ ናት። ድሮ አንዴ የሙሽራ ልብስ ከነእስክሪብቶው አጥቤ ሰውየውን ሰማያዊ ካደረግኩት ወዲህ ይኸው እየተጠየቅኩ አረጀሁ።

ሊጋያ የፊሊፒንስ ልጅ ናት፤ ከሴቡ ደሴት። እንግሊዝኛ ልታስተምር መጥታ ከላያችን ያለችውን ክፍል ተከራየች። አሁን ሁለተኛ የበረዶ ወራቷ ነው። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ በነጠላ ጫማ ነበር፤ በኋላ ግን በረዶ ላይ እንዴት እንደሚረገጥ ተማሪዎቿ አስተምረዋት እኔን ደግፋ ታሻግረኝ ጀመር። ደረጃውን ስትወጣም ስትወርድም ትዘፍናለች። ድምፅዋ እንዲህ ነው የሚባል አይደለም፤ ቤቱ ግን ለምዶታል።

መምህር ኢኩማ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት የራሳችንን ቋንቋ ያስተምራል። ጠረጴዛው ከሷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። የተሳሳተ ግስ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን በራችን ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ ከኪሱ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ካረመ በኋላ ነው፣ «ይቅርታ እትዬ፣ እጄ ቀደመኝ» ያለኝ።

በየሐሙሱ አንድ ሸሚዝ ያመጣል። ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ሸሚዝ ግን አነባለሁ። የመምህር ኢኩማ ሸሚዝ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከዚያ በእጅ ተጨማዶ ነው የሚመጣው። ሐሙስ ሊጋያ ከትምህርት ቤት ቀደም ብላ የምትመለስበት ቀን ነዋ! እኔም ዝም ብዬ እቀበለዋለሁ፤ ጌንዞም ዝም ብሎ ይተኩሰዋል።

እሷ ከመጣች በላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉት ካፖርቶች መሃል ቆመው ቋንቋ ይለማመዳሉ።

«መምህር ኢኩማ፣ ትናንት ዓሣ እበላለሁ።»

«‹በላሁ› ይበሉ። ትናንት ከሆነ አልቋል።»

«አላለቀም። ግማሹ አለ። ይመጣሉ?»

ጆሮው ቀላ። ካፖርቶቹን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እኔን አየ፤ እሷን ብቻ ማየት አቃተው። «ግሡ ግን... ‹በላሁ› ነው» ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። እሷ የበሩ ቃጭል እስኪያርፍ ድረስ በሩን እያየች ቀረች። እኔ በልቤ «አይ ደንባራ!» አልኩት።

ካርዱ በተሰጠበት ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት መምህር ኢኩማ መጣ። ሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ቆሽሿል። ደረቱ ላይ ቀይ ቀለም ፈሶበታል። ኪሱን ስፈትሽ የሊጋያ ካርድ ወጣ።

«ይኼ እዚህ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «የኔ ድርሻ ነው፣ እትዬ። ማንጎውን አልበላሁትም።»

«ለምን?»

«ከበላሁት ያልቃላ።»

አንጀቴን በላው። «ልጄ፣ ጠይቃት እንጂ!»

«አባቷ ሞተዋል። እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ሊሄድ የተነሳ ሰው ፊት ቆሞ ‹አትሂጂ› ማለት በር መዝጋት ነው። እኔ የሰው በር አልዘጋም።»

«እንኳን የሰው በር ልትዘጋ፣ የራስህንም ከፍተህ አታውቅ!»

ወዲያው ደረጃው ዘፈነ። ሊጋያ ወረደች፤ ስታየው ዘፈኑን በግማሽ ተወችው። «መምህር ኢኩማ! ማንጎው እንዴት ነው?»

ለትልቅ ባለሥልጣን እንደሚነሳ አድርጎ እጅ ነሳት። «ስላስተማሩን ሁሉ በጣም አመሰግናለሁ» አለና ወጣ። በረዶው ተቀበለው።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?»

እኔም የዚህ ከተማ ሰው ነኝ፤ ሰው ራሱ እስኪናገር ይጠበቃል። «ብርዱ ነው» አልኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሳትዘፍን ወረደች። ካውያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ለእንፋሎቱ ሰጠች።

«እትዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ማን አጠፋሽ አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ዝምታቸው ነው ያስፈራኝ። ክፍል ስገባ ልጆቹ ወረቀት ይደብቃሉ። ከጂምናዚየሙ ጀርባ ሲዘፍኑ ሰምቼ ስጠጋ ጸጥ ይላሉ። ወይዘሮ ኮማኪ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ይሞላል። ምክትሉ ‹ምን ዓይነት አበባ ይወዳሉ?› አለኝ። አለቃ አበባ የሚጠይቀው ለምንድን ነው? መምህር ኢኩማማ...» እጇን በእንፋሎቱ ላይ አገላበጠች። «ለሚመጣው ዓመት እንደምቀጥል ወይም እንደማልቀጥል ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ። ‹እቀጥላለሁ› ልል ነበር። ግን ካልፈለጉኝ ‹አልቀጥልም› ብዬ ልገላግላቸው። እነሱ በደግነታቸው ‹ሂጂ› አይሉኝም።»

አይታችሁልኛል? ትምህርት ቤቱ በሙሉ እሷን ላለማሳቀቅ ዝም አለ፤ እሷ ደግሞ እነሱን ላለማሳቀቅ ልትሄድ ነው። በጨዋነት ብዛት ሰው ሲያልቅ አየሁ!

«ታዲያ ያንን ካርድ ለምን ጻፍሽው?» አልኳት።

«ላመሰግናቸው ነዋ!» አለች ተገርማ። «ለአባቴ ሙት ዓመት አገሬ ሄጄ አልነበር? እዚያ እናቴ ‹በባዕድ አገር ማን አለሽ?› ስትለኝ እቆጥርላት ጀመር። ጉንፋን የጣለኝ ጊዜ ምክትሉ ጠዋት ጠዋት መጥቶ የደረጃዬን በረዶ በአካፋ ጠርጎ፣ ሳያንኳኳ ይሄድ ነበር። ወይዘሮ ኮማኪ የመምህራኑን ስም ማንበብ ሲያቅተኝ ማንም ሳያይ ከየስሙ ጎን አነባበቡን በቀላል ፊደል በእርሳስ ጻፈችልኝ። ልጆቹ ደግሞ...»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ወረደ።

«አባቴ ሲሞት ማዕበል ተነስቶ አውሮፕላን ተከለከለ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ዘግይቼ አገሬ ደርሼ ስመለስ ክፍል ውስጥ ቆሜ ቃል አጣሁ። ያኔ እነዚህ ልጆች የመጀመሪያ ዓመት ነበሩ፤ እንግሊዝኛ አንድ ቀን ደፍረው ተናግረው አያውቁም። ሂዮሪ፣ ያቺ ማስቲካ የማይለያት፣ ብድግ አለችና ከመጽሐፉ ላይ ‹ቲቸር፣ አባትዎ ቴኒስ ይጫወታል?› አለችኝ። ‹አይ፣ ዓሣ ያጠምዳል› አልኳት። ሌላው ተነሳ፤ ‹አባትዎ ጠዋት ምን ይበላል?› ሌላዋ ‹አባትዎ ዝናብ ይወዳል?› አለች። ያለፈ ጊዜን ገና አልተማሩም ነበር፣ እትዬ። የሚያውቁት ያለውን ብቻ ነው። እኔም አላረምኳቸውም። ‹አዎ፣ ዝናብ ይወዳል፤ ጣራው ሥር ቁጭ ብሎ ያፏጫል› እያልኩ መለስኩላቸው። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አባቴ አለ።»

የጌንዞ ካውያ ቆሟል። ካውያው ሲቆም እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ስወጣ መምህር ኢኩማ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር» አለች። «ሁሉንም ሰምቷል። ቀይ እስክሪብቶው በእጁ ነበር። እሱም አላረመም። ከዚያን ቀን ጀምሮ...»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ምን?»

«ምንም።» ፊቷን ወደ እንፋሎቱ አዞረች። «እና ለዚህ ሁሉ የሚሆን ትልቅ ምስጋና ስፈልግ ሽማግሌው ዘበኛ ትዝ አሉኝ። ‹በእጃችሁ ነበርኩ› ሲሉ ሁሉም አልቅሶ የለ? ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና የለም ብዬ ጻፍኩት።»

ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ይፈታል። ግን እነዚያ የሚቀሉ ጆሮዎች ታዩኝ፤ ያ ሳይቆሽሽ የሚታጠብ ሸሚዝ ታየኝ። እኔ ከፈታሁት እሱ መቼ ሊፈታ ነው?

«እኔ ግስ አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «ነገ ሐሙስ ነው። ባለሙያው ሲመጣ በ‹ነኝ› እና በ‹ነበርኩ› መሃል ምን ልዩነት እንዳለ ጠይቂው።»

ጌንዞ በካውያው ላይ አሻግሮ አየኝና መተኮሱን ቀጠለ።

ሐሙስ መጣ። መምህር ኢኩማ ይዞት የገባው ሸሚዝ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። እሷም ወረደች። እኔ «መስቀያ ልቁጠር» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። በመሃላችን ያለው መጋረጃ ስስ ነው፤ ጥፋቱ የመጋረጃው ነው።

«መምህር ኢኩማ፣ አንድ ግስ ልጠይቅዎ?»

«ይጠይቁ።»

«‹በእጃችሁ ነኝ› እና ‹በእጃችሁ ነበርኩ›። ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

እንፋሎቱ ብቻ ይተነፍሳል።

«‹ነኝ›ን የሚቆይ ሰው ይላታል» አለ። ክፍል ውስጥ እንዳለ ነበር የጀመረው፤ መሃል ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። «‹ነበርኩ›ን የሚሄድ ሰው።»

«የሚሄድ? ወዴት?»

«ወደ አገሩ... ላይመለስ።»

የካፖርቶቹ ላስቲክ ኮሽ ሲል ሰማሁ፤ ተደግፋው ይሆናል።

«ታዲያ እኔ ለሁሉም ሰው ‹ልሄድ ነው› ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«አይሄዱም?»

«የት ነው የምሄደው? ነገ ‹እቀጥላለሁ› ልል ነበር እኮ! ዘፈኑ... አበባው... የወይዘሮ ኮማኪ እንባ... አምላኬ! የሚሸኙት እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው።»

ሳቀች መሰለኝ፤ ወይም አለቀሰች፤ በመጋረጃ አይለይም። ከዚያ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ መጣ። «ዓሣ ‹እበላለሁ› ስል እንኳ ሳያርሙ አያልፉኝም። ይሄን ለምን አላረሙልኝም?»

መጋረጃውን በጣቴ ትንሽ ገለጥኩት።

«ስህተት እንዲሆን በጣም ተመኘሁ» አለ በመጨረሻ። ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርቶቹን ትቶ እሷን እያየ ነው። «በጣም ከመመኘቴ የተነሳ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ከደረት ኪሱ ካርዱን አወጣ። ጠርዙ ከመነካካት ብዛት ሳስቷል። ቀዩን እስክሪብቶም አወጣና ለሷ ሰጣት። በሕይወቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶት አያውቅም፤ በዚህ እምላለሁ።

እሷ ካርዱን የኛ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ «ነበርኩ» የሚለውን ሰረዘችና ከላዩ «ነኝ» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችም። ጥቂት አሰበችና «በእጃችሁ» የሚለውንም ሰረዘችው።

እሱ አንገቱን አሰገገ። «‹በእጃችሁ› ትክክል ነበር» አለ። ልማድ ክፉ ነው!

«እሱን ነገ ለሁሉም እላለሁ» አለች። «ይኼኛው ላንተ ነው።»

ላንተ! እስከዛሬ «እርስዎ» ስትለው የኖረችው ልጅ! ካርዱ ላይ በቀይ፣ ክብ ክብ ባለ ፊደል «በእጅህ ነኝ» ይላል።

ጆሮው ብቻ አይደለም፣ አንገቱም ቀላ። «ግሡ ትክክል ነው» አለ። «ተውላጠ ስሙም ትክክል ነው፤ እር... አንቺ።»

እኔ መስቀያውን ከነመደርደሪያው አፈረስኩት። ማንም ዞሮ አላየኝም።

የዓርቡን ወይዘሮ ኮማኪ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው ያወራችኝ። ሊጋያ ጠዋት የመምህራኑ ክፍል መሃል ቆማ፣ «ግሤን ተሳስቼ ነበር። በእጃችሁ ነኝ። ከፈቀዳችሁልኝ በሚመጣውም ዓመት በእጃችሁ ነኝ» ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ምክትሉ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«አበባው ታዟል» አለ። «አይመለስም። እንግዲህ ለመምጫዎ እናድርገው፤ ያኔም አልሰጠንዎትም ነበር።»

ልጆቹ ናቸው ያስቸገሩት። ተደብቀው የሠሩትን ትልቅ ካርቶን አምጥተው ሰጧት። እያንዳንዳቸው በአዲስ የተማሩትን ያለፈ ጊዜ እየኮሩ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ «መምህራችን ነበሩ»፣ «ሲዘፍኑ ደስ ይሉ ነበር»፣ «በረዶ ላይ ወድቀው አያለቅሱም ነበር»። እሷ አንብባ ስትጨርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ያ ቀይ እስክሪብቶ ከሷው ጋ ነበር።

«ሁሉም ተሳስቷል» አለች።

ሂዮሪ ማስቲካዋን ዋጠች። «ቲቸር! ያለፈ ጊዜን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት እኮ! ስንት ለፍተንበት!»

«እሱንስ ጥሩ ተምራችኋል። ግን አልሄድም። ‹ነበሩ› ያላችሁትን ሁሉ ‹ናቸው› ብላችሁ ሰኞ አምጡልኝ።»

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ሲረጋጋ ሂዮሪ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ አምና ስለ አባትዎ የጠየቅንዎት... እሱም ተሳስቶ ነበር አይደል? እሱንስ እናርመው?»

ሊጋያ መስኮቱን አየች። በረዶው ወደ ዝናብ እየተለወጠ ነበር አሉ።

«እሱን እንዳለ ተዉት» አለች። «ዝናብ ይወዳል።»

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህር ኢኩማ ባዶ እጁን መጣ።

«ሸሚዙስ?» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«ዛሬ የለም፣ እትዬ።»

«ታመመ?»

«አይ... ዛሬ ዓሣ ልንበላ ነው።»

«‹ልንበላ› ነው? ግሡ ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው» አለ፤ ሳቀም። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ጥርስ አለው ለካ።

ደረጃው ዘፈነ። ሊጋያ ወረደች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ጓንቷን እላይ ረስታ እንደመጣች ተናግራ፣ ልትመለስም አልፈለገችም። ተያይዘው ወጡ። በመስታወቱ አሻግሬ አየኋቸው፤ እሱ የካፖርቱን ኪስ ከፈተላት፣ እሷም ምንም ሳትል እጇን ከተተች። ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ እንደዚያው እንዳሉ ሄዱ።

«ጌንዞ! ና እይ! ቶሎ በል!» አልኩ። «እጇን የት እንዳደረገችው እይ! ኪሱ ውስጥ!»

ጌንዞ ከካውያው ቀና ሳይል፣

«ልብስ ከዚህ ቤት ሳይወጣ ኪሱን ፈትሺ ብዬሽ ነበር» አለ።